ፈረስን በለስላሳ እጅ መምራት፦ የልጓምና የዛብ አያያዝ ለጋላቢዎችና ለባለጋሪዎች

በምዕራብ ጎጃም ዞን ፈረስ ዛሬም የኑሮ ደጋፊ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች በጋሪ ተጠምዶ እህል፣ በርበሬና የግንባታ ዕቃ ያመላልሳል፤ መንገደኛውንም ከመናኸሪያ ወደየመንደሩ ያደርሳል። በደጋ ዳሞት፣ በሰከላና በቋሪት ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ መኪና በማይደርስበት ሁሉ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግና ለቅሶ የሚኬደው በኮርቻ ላይ ነው። የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ መጠሪያዋ ራሱ ፈረስ ቤት ነው። ከቡሬ ጋር በሚዋሰነው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞንም የዓድዋን ድል መታሰቢያ አድርጎ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በፈረስ ትርኢት ያከብራል።

ስለ ፈረስ መኖ፣ ስለ ጭነት ልክና ስለ ሰኮና እንክብካቤ ባለሙያዎች በየጊዜው ምክር ይሰጣሉ። አፉ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከንፈሩ ሲገጠም ቁስሉም አብሮ ይሸፈናልና። አፉ የቆሰለ ፈረስ በሚገባ አያኝክም፤ በሚገባ ያላኘከው ድርቆሽም እምብዛም አይጠቅመውም። ሥጋው እየጎደለ፣ ጉልበቱ እየደከመ ሲሄድ ባለጋሪው የቀን ገቢውን፣ አርሶ አደሩም መጓጓዣውን ያጣል። ከዚህ የከፋ አደጋም አለ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሁለቱንም ከተሞች አቋርጦ ስለሚያልፍ የጭነት ተሽከርካሪ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። በዚህ መንገድ ላይ ከአፉ ሕመም ለማምለጥ በድንገት የሚፈረጥጥ ፈረስ ለራሱም፣ ለነጂውም፣ ከትምህርት ቤት ለሚመለስ ሕፃንም አደጋ ነው።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ፈረስ ለሚጋልቡ፣ ጋሪ ለሚነዱና ልጆቻቸውን ግልቢያ ለሚያስተምሩ ዜጎች ነው።

ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ

ፈረስ ከላይ 6፣ ከታች 6 የፊት ጥርሶች አሉት። ከእነዚህ ኋላ የመንጋጋ ጥርሶች እስኪጀምሩ ድረስ ባዶ ቦታ አለ፤ በወንዶቹ ፈረሶች ላይ ብዙውን ጊዜ አጫጭር ክራንቻዎች የሚበቅሉት በዚሁ ክፍተት ነው። ልጓም የሚገባው በዚህ ክፍተት ውስጥ ሲሆን ክብደቱም በምላስና በታችኛው መንጋጭላ አጥንት ላይ ያርፋል። አጥንቱ በዚያ በኩል ጠርዙ ቀጭን ነው፤ የሚሸፍነውም ስስ ድድ ብቻ ነው። ቅልጥሙን በእጁ የዳሰሰ ሰው ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት እንደሚያገኝ ያውቃል። በዚያ ላይ የብረት ዘንግ ተደርጎ በገመድ ቢሳብ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አይከብድም። የፈረስ አፍ ከቅልጥምም ይልቅ ስሜቱ የበረታ ነው።

ብረቱ ሲያመው ፈረሱ የሚያደርጋቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ከብረቱ በላይ ለማውጣት ይታገላል፣ ወይም አገጩን ወደ ደረቱ አጥፎ ከብረቱ ይሸሻል። ጋላቢው ይህን አይቶ እምቢተኛ ነው፣ አፉ ደንድኗል ይላል፤ ቀጥሎም የባሰ ጠንካራ ልጓም ያሠራለታል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚጀምረው። ፈረስ በተፈጥሮው አደጋን በመሮጥ የሚያመልጥ እንስሳ ነው። ሕመም ሲሰማው የሚቀናው መሮጥ ነው፤ ሲሮጥ ይሳባል፤ ሲሳብ ያመዋል፤ ሲያመው ይበልጥ ይሮጣል። ደንዳና አፍ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ቆስሎ የዳነ፣ ዳግመኛ የቆሰለ፣ በጠባሳ የተሸፈነ አፍ ነው። ፈረሱ ዛቡን የማይሰማው ስለ ጠነከረ ሳይሆን ዛቡ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ሕመምን ብቻ፣ ስለሚነግረው ነው።

ቀለበት ያለው ልጓም

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ባህላዊ ልጓም ከሌሎች የልጓም ዓይነቶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት ወገን ነው። አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት መካከል ወደ ላይ የተነሣ ቅስት አለው። ከቅስቱ ጫፍ የተያያዘ የብረት ቀለበት የታችኛውን መንጋጭላ አቅፎ ከአገጩ ሥር ያልፋል። ከከንፈሩ ውጭ ደግሞ ወደ ታች የወረዱ ሁለት ክንዶች አሉት፤ ዛቡ የሚታሰረውም በክንዶቹ ጫፍ ነው። ዛቡ ሲሳብ ቅስቱ ወደ ላንቃው ይነሣል፤ ቀለበቱም አገጩን ከሥር ይጨመድዳል። የዚህ ዓይነት ልጓም በዐረብ አገሮችና በሰሜን አፍሪካም ይታወቃል።

ይህ ልጓም የተበጀው ለጦር ሜዳ ነው። ጋሻና ጦር የያዘ ፈረሰኛ ለዛቡ የሚተርፈው ጥቂት ጣት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ጥቂት ጣት ፈረሱን በቅጽበት ማቆምና ማዞር ነበረበት። ፈረስ የቱን ያህል የክብር ምልክት እንደነበረ ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሶቻቸው ስም መጠራታቸው ይመሰክራል፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። እንዲህ ያለው ልጓም የሚስማማው ከልጅነቱ ጀምሮ በኮርቻ ላይ ላደገ፣ እጁ ለረጋ ሰው ነው። በእንዲህ ያለ እጅ ዛቡ ላላ ብሎ ይውላል፤ የሚሳበውም ከስንት አንዴ ነው።

ዛሬ ጦርነቱ የለም፤ ብረቱ ግን አለ። ያው ብረት ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ በሚወስድ የ12 ዓመት ልጅ እጅ፣ ወይም በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ሽምጥ ጋልቦ በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ ለማቆም በሚሽቀዳደም ወጣት እጅ ይገኛል። በጉግስ ሜዳ ላይ የፈረስ አፍ ቀይ አረፋ ሲደፍቅ አንዳንድ ተመልካች የፈረሱ ወኔ ነው ብሎ ያደንቃል። ቀይ አረፋ ወኔ አይደለም፤ ደም ነው።

የክንዶቹ ርዝመት ምን እንደሚያደርግ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከአፍ በታች ያለው ክንድ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ከአፍ በላይ ያለው 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ከአገጩ ሥር የሚያልፍ ሰንሰለትም አለው። ጋላቢው ዛቡን በ2 ኪሎ ያህል ኃይል ሲስብ ከአገጩ ሥር 6 ኪሎ፣ በምላስና በድድ ላይ ደግሞ 8 ኪሎ ያህል ጫና ያርፋል። በእጅ ላይ ቀላል የመሰለው ነገር በአፍ ውስጥ ከባድ ነው። ቀጥ ያለ፣ ክንድ የሌለው ተራ ልጓም ግን 2 ኪሎውን 2 ኪሎ አድርጎ ያደርሳል። ስለዚህ እጁ ገና ላልረጋ ጀማሪና ለልጆች ክንድና ቀለበት ያለው ልጓም አይመከርም።

ፈረስ የሚማረው ዛቡ ሲለቀቅ ነው

በግልቢያ ትምህርት ውስጥ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ሊታወቅ የሚገባው ነገር የለም። ዛብ ሲጠብቅ ፈረሱ ጫናውን ለማስወገድ የተለያዩ ነገሮችን ይሞክራል፤ ራሱን ይወዘውዛል፣ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ጫናው የጠፋው የትኛውን ሲያደርግ እንደሆነ ያስተውላል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ይደግማል። እንግዲህ ሲዘገይ ወዲያው ዛቡ ከላላለት፣ ዛብ ሲነካ መዘግየት እንደሚያሳርፈው ይማራል። ቆሞም ሳለ ዛቡ እንደ ጠበቀ ከቀጠለ ግን መቆም ምንም እንደማይጠቅመው ይማራል። ብዙ ፈረሶች ቆመው እያለ ራሳቸውን የሚወዘውዙትና መሬት የሚጭሩት ዛቡ ስላልተለቀቀላቸው ነው።

ስለዚህ ዛብን መያዝ ማለት ጠይቆ መልቀቅ ማለት ነው። ጥያቄው በጣቶች ይጀምራል፤ የረጠበ ጨርቅ ቀስ ተብሎ እንደሚጨመቅ ጣቶቹ ዛቡ ላይ ይጠብቃሉ። ፈረሱ ካልመለሰ ጥቂት ይጨመራል። ፈረሱ መልስ እንደ ሰጠ፣ ርምጃው ገና መዘግየት ሲጀምር፣ ጣቶቹ ወዲያው ይከፈታሉ። ዘግይቶ የመጣ መልቀቅ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። በድንገት መንጨቅ ደግሞ ፈጽሞ ጥያቄ አይደለም፤ ፈረሱ ሊመልስ የሚችልበት ጊዜ አይሰጠውምና። በተረከዝ እየጎሰሙ በዛብ ይዞ ማስቀረትም እንዲሁ ነው፤ ሂድ እና ቁም የሚሉ ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ሲደርሱት ፈረሱ አንዱን መጣሱ አይቀርም፤ ቅጣቱም ያኔ ይመጣበታል።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2,300 ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስን በቁጣ መቅረብ እንደማይገባ አጥብቆ መክሯል። በጎጃም አባቶች ዘንድም ጥሩ ፈረሰኛ የሚለየው በጅራፉ ሳይሆን በፈረሱ ዕርጋታ ነው።

ከእጅ በፊት መቀመጫ

ብዙ ጋላቢ ዛቡን የሚስበው ፈረሱን ለማቆም ሳይሆን ራሱ እንዳይወድቅ ነው። ሚዛኑን በዛቡ ላይ የጣለ ሰው እጁን ላሳሳ ቢል እንኳ አይችልም፤ ሰውነቱ በተንገጫገጨ ቁጥር የፈረሱን አፍ ይነጭቃል። የእጅ ልስላሴ ከመቀመጫ ይጀምራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዛብ ባይዝ ይመረጣል። ፈረሱ ልባብ ብቻ ይደረግለትና ልምድ ያለው ሰው በገመድ ይምራው፤ ጀማሪው አንድ እጁን ጭኑ ላይ፣ ሌላውን ጋማው ላይ አድርጎ ይቀመጥ። ከጎን ሲታይ ጆሮው፣ ትከሻው፣ ዳሌውና ተረከዙ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። በርምጃ ላይ ሰውነቱ ሲረጋ ወደ ሶምሶማ ይታለፋል። ሰውን የሚያንገጫግጨው ሶምሶማ ስለሆነ ብዙ ቀን የሚፈልገውም እርሱ ነው፤ ደንገላሳና ሽምጥ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለልምምዱ ከአጨዳ በኋላ ባዶ የሆነ፣ ድንጋይና ጉድጓድ የሌለበት ማሳ ይስማማል። ወድቆ የሚነሣበት መሬት ለስላሳ ነው፤ ከአስፋልቱም ይርቃል።

በባህላዊው እርካብ ላይ እግር የሚያርፈው በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት ብቻ ነው። በባዶ እግር ለሚጋልብ ሰው ይህ ጥሩ ሚዛን ይሰጣል። ጫማ ያደረገ ሰው ግን እግሩ ሳይቀረቀር በቀላሉ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰፊ እርካብ ያስፈልገዋል፤ ከፈረስ ወድቆ እግሩ በእርካብ ተይዞ መጎተት ከግልቢያ አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች ኢትዮጵያውያን ፈረስ ላይ የሚወጡት በቀኝ በኩል መሆኑን ጽፈዋል፤ ጎራዴውን በቀኝ የታጠቀ ሰው እንዲያ ይቀለዋል። ዛሬ በየትኛውም ጎን ቢወጣ ችግር የለም። ችግሩ በዛቡ ተንጠልጥሎ መውጣት ነው። ሲወጡ የሚያዘው ጋማው ወይም ኮርቻው ነው።

ዛብ ሲያዝ ከክርን እስከ ፈረሱ አፍ ያለው መስመር ሲታይ ቀጥ ያለ ይሁን። ፈረስ በርምጃም ሆነ በደንገላሳ ሲሄድ ራሱን ወደፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል፤ የጋላቢው ክርን ተከፍቶ እየተዘጋ ይህን ውዝዋዜ መከተል አለበት። እጁን ሆዱ ላይ ጨምድዶ የያዘ ሰው ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ሳያውቀው ይነጭቀዋል። ለማዞር በመጀመሪያ ዓይንና ትከሻ ወደሚኬድበት ይዞራሉ። ተራ ልጓም ከሆነ ዛቡ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ይከፈታል። ቀለበት ያለው ልጓም ግን ለጎን ሳብ አልተሠራም፤ በእርሱ ፈረስ የሚዞረው ዛቡን አንገቱ ላይ በማስደገፍ ነው፤ ወደ ግራ ለማዞር የቀኙ ዛብ አንገቱን ይነካዋል።

ማቆምም ቅደም ተከተል አለው። ጋላቢው በረዥሙ ይተነፍስና ኮርቻው ላይ ክብደቱን ይጥላል። ቀጥሎ ዘወትር የሚጠቀምበትን አንድ የማቆሚያ ድምፅ ያሰማል። ዛቡ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈረሱ በድምፁና በመቀመጫው ብቻ መቆም ይለምዳል። ቼ ሲባል መሄድን የተማረ ፈረስ ቁም ሲባል መቆምን የማይማርበት ምክንያት የለም።

በቁልቁለት ላይ ዛብ መጨምደድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው በራሱና በአንገቱ ነው። ራሱ ከታሠረበት እግሩን የሚያስቀምጥበትን አያይም፤ ይሰናከላል። ስለዚህ ቁልቁለት ሲወረድ ዛቡ ረዘም ይደረግለታል። ፈረሱ ደንብሮ ቢፈረጥጥ ሁለቱንም ዛብ በሙሉ ኃይል ስቦ መያዝ አያቆመውም። ሳብ፣ ልቀቅ፣ ሳብ፣ ልቀቅ እያሉ፣ ሜዳው ሰፊ ከሆነም በአንድ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ሰፊ ክብ ማስገባት ይሻላል። በአስፋልት ላይ ግን በድንገት ማጠፍ ሊያንሸራትተውና ሊጥለው ይችላል።

ልጓሙ ልክ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

የአፉን ስፋት ለማወቅ ለስላሳ ቀጭን እንጨት ልጓሙ በሚያርፍበት ቦታ አግድም ይደረግና በሁለቱም ከንፈሮች ጠርዝ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ልጓሙ ከዚህ ልክ በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል መትረፍ አለበት። የጠበበ ከንፈሩን ይቆነጥጣል፤ የሰፋም እየተንሸራተተ አንዱን ጎን ብቻ ይጎዳል። ውፍረቱ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአብዛኞቹ ፈረሶች ይስማማል። ቀጭን ብረት እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። በጣም ወፍራምም በትናንሽ ፈረሶች አፍ ውስጥ ምላስን ያጨናንቃል። ልጓሙ ሲገባ በከንፈሩ ጠርዝ ላይ አንድ ትንሽ ሽብሽብ ብቻ ቢታይ ልክ ነው። ከአገጩ ሥር ሰንሰለት ወይም ጠፍር ካለው ሁለት ጣት ማስገባት መቻል አለበት።

ባለሙያ ጋ ልጓም የሚያሠራ ሰው ይህን ምልክት ያለበትን እንጨት ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል። ከፌሮ የተቆረጠ ወይም ከተጠማዘዘ ሽቦ የተሠራ ልጓም ርካሽ ነው፤ ግን ጠርዙ ይልጣል፣ ዝገቱም ቁስሉን ያባብሳል። ከመግዛት በፊት ጣትን በብረቱ ሁለንተና ላይ ማስኬድ ጥሩ ፈተና ነው፤ ጣትን የቧጨረ ነገር ምላስንም ይቧጭራል። ከሥራ በኋላ ልጓሙ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። በሰከላና በደጋ ዳሞት ውርጭ ጠዋቶችም ብረቱን ከማጉረስ በፊት በእጅ መካከል ጥቂት ማሞቅ ያስፈልጋል።

ፈረስን በዛቡ ማሰር ብዙ ጉዳት ያስከትላል። በዛቡ ከግንድ ጋር የታሰረ ፈረስ ደንብሮ ወደ ኋላ ቢሸሽ ሙሉ የሰውነቱ ክብደት በመንጋጭላው ላይ ይወድቃል፤ ምላሱ ሊቆረጥ፣ አጥንቱም ሊሰበር ይችላል። ማሰሪያ ልባብ ነው። ሲግጥና ውኃ ሲጠጣም ልጓሙ መውጣት አለበት።

ወጣት ፈረስን በተመለከተ፣ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ የወተት ጥርሶቹ እየወለቁ በቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚህ ወቅት ድዱ በቀላሉ ያመዋል፤ ራሱን ቢያስቸግር ጥርሱን ማሳየት እንጂ መቅጣት አይገባም። ከቀለበት ልጓም ወደ ተራ ልጓም የሚያዛውር ሰው ደግሞ ልምምዱን በግቢ ወይም በታጠረ ቦታ ይጀምር። ልባቡ ከሥር ይቆይና ገመዱ በረዳት እጅ ይያዝ። አዲሱን ልጓም በገበያ ቀን በሕዝብ መካከል መሞከር ተገቢ አይደለም።

በጋሪ ላይ ያለው ልዩነት

ባለጋሪ ከፈረሱ በስተኋላ ስለሚቀመጥ ክብደቱንና እግሩን ተጠቅሞ ሊመራው አይችልም፤ የቀሩት ድምፅና ዛብ ብቻ ናቸው። ዛቡም ረዥም ስለሆነ የራሱ ክብደት አለው። ዋናው ችግር ግን ማቆሚያ ነው። ፍሬን የሌለው ጋሪ ቁልቁለት ሲወርድ ፈረሱን ከኋላ ይገፋዋል፤ ነጂውም ዛቡን ስቦ ጋሪውን ሊያቆም ይሞክራል። በዚህ ጊዜ የጭነቱ ሁሉ ግፊት የሚገታው በፈረሱ አፍ ነው ማለት ነው። መፍትሔው በልጓም ላይ አይደለም። በፈረሱ ታፋዎች ኋላ አግድም አልፎ ከሁለቱም የጋሪው ዘንጎች ጋር የሚያያዝ ሰፊ ጠፍር ሲደረግለት ፈረሱ ጋሪውን በገላው ይገታል፤ አፉም ያርፋል። ጠፍሩ ሰፊና ለስላሳ መሆን አለበት፤ ቀጭን ገመድ ታፋውን ይልጣል። ጭነቱም በጎማው ላይ ተመዛዝኖ ይጫን፤ ወደፊት ያደላ ጭነት ጀርባውን ይጫነዋል፣ ወደ ኋላ ያደላም ዘንጎቹን ወደ ላይ ያነሣል።

ደንበኛ ሲጠበቅ ዛቡን ጨምድዶ መያዝ ሳያስፈልግ ፈረሱ ሊቆም ይችላል። ይህን ለማስለመድ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

አፍ ሲቆስል

አረፋው ቀይ ከሆነ፣ ምላሱ ከተቆረጠ፣ የከንፈሩ ጠርዝ ከተላጠ፣ ሲያኝክ መኖው ከአፉ ከወደቀ ወይም አፉ ከሸተተ ልጓሙ ወዲያው መውጣት አለበት። ቁስሉ ፈልቶ በቀዘቀዘና ጥቂት ጨው በገባበት ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። እስኪድን ድረስ ፈረሱ ከልጓም ሥራ ያርፋል፤ ለእርሻም ሆነ ለግጦሽ በልባብ ብቻ ይመራል። በጋለ ብረት መተኮስ ቁስሉን ያሰፋል እንጂ አያድንም። የመኪና ዘይትና የባትሪ አሲድም ሥጋውን ይጎዳሉ።

የልጓምና የማሰሪያ ቁስል ትንሽ ቢመስልም ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ በእጅጉ ከሚጋለጡ እንስሳት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን በብርቱ የሚያጠቃው ኢፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለው የፈንገስ በሽታም የሚገባው በቆሰለ ቆዳ ነው፤ በመጀመሪያ እባጭ ይሆናል፣ ከዚያ በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ ተራ ሠርቶ እየፈነዳ መግል ያፈሳል። በሽታው ቁስል ካለበት ፈረስ ወደ ጤነኛው በዝንብና በጋራ በሚጠቀሙበት ዕቃ ይተላለፋል። ስለዚህ ልጓም፣ ኮርቻና የጋሪ ማሰሪያ መዋዋስ አይመከርም፤ የግድ ከሆነም ታጥቦ፣ ተጠርጎና ፀሐይ ላይ ደርቆ ይሁን።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ፈረሱ ልጋጉን የሚያዝረከርክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩም የተለወጠ ወይም የሚንገዳገድ ከሆነ ባለቤቱ እጁን አፉ ውስጥ ማስገባት የለበትም። ነገሩ የልጓም ቁስል ላይሆን ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በፈረስ ላይ እንዲሁ ይጀምራል። እንስሳው ከሰውና ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ይታሰርና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ልጋጉ ቁስል ወይም ጭረት የነካው ሰው ቦታውን ወዲያው በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ በዚያኑ ቀን መሄድ አለበት።

ለሌላው የአፍና የጥርስ ችግር በቀበሌው ወይም በወረዳው የሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ምርመራና ሕክምና ይሰጣል። የመንጋጋ ጥርሶች ጠርዝ ሲሳል ጉንጭን ይቆርጣል፤ ይህን የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው፤ በመዶሻ ወይም በቤት ሞረድ መሞከር አይገባም። ወደ ክሊኒኩ የሚሄድ ባለቤት ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ልጓሙን፣ ዛቡንና ማሰሪያውንም ይዞ ቢሄድ ባለሙያው ቁስሉን ከብረቱ ጋር አስተያይቶ መንሥኤውን ለማግኘት ይቀለዋል። የፈረሱን ዕድሜ፣ የሚሠራውን ሥራ፣ ቁስሉ የታየበትን ቀንና በመጨረሻ የተከተበበትን ጊዜ መንገርም ያስፈልጋል። ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚሰጠው ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ክትባት አምራች ተቋም የሚመረት ሲሆን፣ በየወረዳው የሚሰጥበትን ወቅት የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቃል።